የብሬከር ሳጥናችሁ ሲጮህ፦ ክዳኑን ሳትከፍቱ ምክንያቱን የምትለዩበት መንገድ

«የብሬከር ሳጥናችን ድምፅ ያሰማል፤ አደጋ አለው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከጎንደር ሰፈሮች፣ ከማራኪም፣ ከአራዳም፣ ከአዘዞም ደጋግሞ ይደርሰኛል። አንዱ ማታ ማታ ብቻ እንደሚጮህ ይነግረኛል። ሌላዋ እንጀራ ስትጋግር ብቻ እንደምትሰማው ትጽፍልኛለች። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስመልስ አንዱን ነገር ስለምረሳ ሁሉንም እዚህ አስፍሬዋለሁ።

የብሬከር ሳጥን የምለው ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን፣ ዋናው ማጥፊያና የየመስመሩ ብሬከሮች የተደረደሩበትን ሳጥን ነው። ቆጣሪው ራሱና ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ ያለው ሽቦ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። እሱን የሚነካው የአገልግሎቱ ሠራተኛ ብቻ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር በደንብ ይያዝልኝ። ብዙ ሰው «አደጋ ቢኖር ኖሮ ብሬከሩ ይወርድ ነበር» ብሎ ይተኛል። ይህ ትክክል አይደለም። ብሬከር የሚወርደው በመስመሩ ላይ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከልኩ ሲበልጥ ወይም ሽቦዎች ሲገናኙ ነው። የሽቦ ማሰሪያ ብሎን ሲላላ ግን የሚያልፈው ኤሌክትሪክ አይጨምርም፤ የሚጨምረው በዚያች ነጥብ ላይ ያለው ሙቀት ነው። ብሬከሩ ይህን አያየውም። ቤቱ ውስጥ ቀድሞ የሚያስጠነቅቃችሁ ድምፁና ሽታው ነው።

በቁጥር እንየው። 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። የላላው ብሎን የ0.1 ኦም ያህል መሰናክል ከፈጠረ፣ ከጥፍር በምታንስ ቦታ ላይ ወደ 25 ዋት ሙቀት ይከማቻል። ይህ ሙቀት ፕላስቲኩን ያለሰልሳል፣ ብረቱን ያዝጋል፣ ዝገቱ መሰናክሉን ያሳድጋል፣ ሙቀቱም በዚያው ይቀጥላል። ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሳጥኑ በምጣድ ሰዓት የሚጮኸው ለዚህ ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ደረቅ የጎማ ሶል ያለው ጫማ
- የእጅ ባትሪ (ሻማ አይሆንም፤ እሳቱም ሰሙም ከሳጥን አጠገብ መድረስ የለበትም)
- ወረቀትና እስክሪብቶ
- ድምፁን የምትቀዱበት ስልክ
- ከአጠገባችሁ የሚቆም አንድ አዋቂ ሰው

ካቻቪቴ፣ ፒንሳና ቴስተር ዝርዝሩ ውስጥ አለመኖራቸውን አስተውሉ። እነሱ የባለሙያው ዕቃዎች ናቸው። እናንተ የምትሠሩት ሁሉ ክዳኑ እንደተዘጋ ነው።

መጀመሪያ ይህን አንብቡ፦ ሳትመረምሩ የምታጠፉበት ጊዜ

ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ ደረጃዎቹን ተዉአቸው፦ ጭስ፣ ብልጭታ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ (አንዳንዴ የበሰበሰ ዓሣ ይመስላል)፣ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ክዳን፣ ከሳጥኑ የሚንጠባጠብ ውሃ፣ ሳጥኑን ስትነኩ የሚነዝር ስሜት፣ ወይም ከፊሉ አምፖል ደምቆ ከፊሉ የሚደበዝዝ መብራት።

ሳጥኑ ደረቅ ከሆነ፣ ካልነዘራችሁና እሳት ካልወጣበት፣ ዋናውን ማጥፊያ አውርዱና ባለሙያ ጥሩ። ከነዘራችሁ ወይም ከረጠበ በእጃችሁም በእንጨትም አትንኩት። ሰው አርቁና በ905 ለአገልግሎቱ ደውላችሁ ከምሰሶው እንዲቋረጥ ጠይቁ። እሳት ከተነሳ ውሃ አትድፉበት። የዱቄት ወይም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ ካላችሁና እሳቱ ትንሽ ከሆነ ተጠቀሙ፤ አለበለዚያ ሰውን ሁሉ አስወጡና የከተማውን እሳት አደጋ ጥሩ። ቁጥሩን ዛሬውኑ በስልካችሁ መዝግቡት፤ በጭስ ውስጥ ቁጥር አይፈለግም።

ስለሚደምቁትና ስለሚደበዝዙት አምፖሎች ትንሽ ልጨምር፤ ብዙ ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ የሚቃጠለው በዚህ ነውና። ይህ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ኒውትራል የሚባለው፣ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ ምሰሶ ላይ ወይም ቤት መግቢያው ላይ መላላቱን ወይም መበጠሱን ያሳያል። ኒውትራል ሲጠፋ በሦስት ፌዝ መስመር (ሦስት ኤሌክትሪክ የሚያመጡ ሽቦዎች አንድ ኒውትራል በሚጋሩበት) ላይ ያሉ ቤቶች 220 ቮልት መቀበላቸው ይቀርና አንዱ በጣም ዝቅ ያለ፣ ሌላው እስከ 380 የሚጠጋ ቮልት ሊደርሰው ይችላል። በዚህ ጊዜ መመርመር የለም፤ ዋናውን አውርዶ መደወል ነው።

ደረጃ 1፦ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አረጋግጡ

በአንድ ክንድ ርቀት ቁሙና አዳምጡ። ከግድግዳው ማዶ ማቀዝቀዣ፣ ስታቢላይዘር ወይም የውሃ ፓምፕ ካለ ንዝረቱ በግድግዳው አልፎ ከሳጥኑ የመጣ ይመስላል። መጀመሪያ እነዚህን ከሶኬት ንቀሉ። ድምፁ ከቆመ ሳጥኑ ንጹሕ ነው። ድምፁ ከቆጣሪው ከሆነ ግን እናንተ የምትሠሩት የለም፤ ማኅተሙን ሳትነኩ በ905 አሳውቁ። የካርድ ቆጣሪ ሒሳብ ሲያልቅ አንድ ጊዜ «ቀጭ» ብሎ ቢቋረጥ፣ ካርድ ሲሞላም «ቀጭ» ብሎ ቢመለስ ጤናማ ነው።

ደረጃ 2፦ የድምፁን ዓይነት ለዩ

ድምፁን በስልካችሁ ለአንድ ደቂቃ ቅዱት። ባለሙያው ሲመጣ ሳጥኑ ዝም ሊል ይችላል፤ ቅጂው ያኔ ይጠቅማችኋል።

ዝቅ ያለ፣ የማይቆራረጥ «እምም»። የምንጠቀመው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ማግኔታዊ ጉልበቱ ደግሞ በሰከንድ 100 ጊዜ ብረትን ይስባል፣ ይለቃል። በብሬከር፣ በደወል ትራንስፎርመር ወይም በኮንታክተር (እንደ ፓምፕ ያለ ትልቅ ዕቃን በማግኔት የሚያበራና የሚያጠፋ ማጥፊያ) ውስጥ ያለ ብረት በዚህ ይንቀጠቀጣል። ጆሮን አስጠግቶ ብቻ የሚሰማ፣ ሽታና ሙቀት የሌለው «እምም» አያስጨንቅም። በሩን ዘግታችሁም ከሌላ ክፍል የሚሰማችሁ ከሆነ ግን ወደ ደረጃ 3 እለፉ።

የሚንጫጫ፣ የሚቆራረጥ «ቸስ ቸስ»። የጋለ ምጣድ ላይ የወደቀ የውሃ ጠብታ የሚያሰማው ዓይነት ነው። አደገኛው ይህ ነው። በላላ ማሰሪያ ላይ ኤሌክትሪክ በአየር እየዘለለ ነው ማለት ነው። እያንዳንዱ ዝላይ ትንሽ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ገጽ ያቃጥላል። ይህን ከሰማችሁ ትልልቆቹን ዕቃዎች ከራሳቸው ማጥፊያ አጥፉ፣ ቀጥሎ ዋናውን አውርዱ፣ ከዚያም በቀጥታ ደረጃ 7ን አንብቡ። ብሬከሮችን አንድ በአንድ እየሞከራችሁ ሳጥኑ ፊት አትቆዩ።

ደጋግሞ «ቀጭ ቀጭ» ወይም «ትርርር»። ኮንታክተር ወይም የቮልቴጅ መከላከያ እየያዘ ሲለቅ ነው። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚበረታ ከሆነ ምክንያቱ ምናልባት የቮልቴጅ መውረድ ነው። ኮንታክተር ከተመደበለት ቮልቴጅ 85 በመቶ በታች አጥብቆ ለመያዝ ዋስትና የለውም፤ ለ220 ቮልት ይህ 187 ቮልት ነው። ብረቱ ያዝ ለቀቅ ሲያደርግ መጋጠሚያዎቹ ይቃጠላሉና እስኪስተካከል ድረስ በእሱ የሚሠራውን ዕቃ አጥፉ።

የሚንኮሻኮሽ ድምፅ አይጥ ወይም እንሽላሊት ሊሆን ይችላል። ያም ቢሆን እጃችሁን አታስገቡ።

ደረጃ 3፦ በጭነት ፈትኑት

ይህ ደረጃ ለ«እምም» እና ለ«ቀጭ ቀጭ» ብቻ ነው። ከሁሉ የሚበልጠውን መረጃ የሚሰጣችሁም እሱ ነው፤ አትቸኩሉበት።

ወረቀታችሁ ላይ ቤት ውስጥ ያሉ ትልልቅ ዕቃዎችን ጻፉ፦ ምጣድ፣ ምድጃ፣ የውሃ ማሞቂያ፣ ካውያ፣ ፓምፕ፣ ማቀዝቀዣ። ሁሉንም ከራሳቸው ማጥፊያ አጥፉና አዳምጡ። ከዚያ አንዱን ብቻ አብሩ፣ ሁለት ደቂቃ አዳምጡ፣ «ጮኸ» ወይም «ዝም አለ» ብላችሁ ጻፉ፣ አጥፉ፣ ወደሚቀጥለው እለፉ። ምጣዱን አሥር ደቂቃ ያህል አቆዩት፤ የላላ ማሰሪያ ብዙ ጊዜ ድምፅ የሚያወጣው ከጋለ በኋላ ነውና።

ውጤቱን እንዲህ አንብቡት። ድምፁ በአንድ ዕቃ ብቻ ከመጣ ችግሩ በዚያ መስመር ብሬከር ወይም ማሰሪያ ላይ ነው። በየትኛውም ትልቅ ዕቃ ከመጣ ችግሩ ሁሉም በሚያልፍበት ቦታ፣ በዋናው ማጥፊያ ወይም በኒውትራሉ ማሰሪያ ላይ መሆኑን ጠርጥሩ። ሁሉም ጠፍቶ እንኳ ከቀጠለ ሁልጊዜ የሚሠራ ነገር፣ የደወል ትራንስፎርመር ወይም ኮንታክተር፣ ወይም ልቅ ክዳን ነው።

አንድ ግቢ ውስጥ በአንድ ቆጣሪ የምትኖሩ ተከራዮች ለዚህ ደረጃ ተነጋገሩ። የእናንተ ቤት ዕቃ ጠፍቶ የጎረቤት ምጣድ ከበራ ፈተናው ይዛባል። ደግሞም ሁለት ምጣድ አንድ ላይ ሲበራ 32 አምፔር ይሆናል፤ ለአንድ ቤት የተዘረጋ መስመር ይህን ለሰዓታት ላይችለው ይችላል። መስመሩ እስኪታይ ድረስ በተራ ጋግሩ።

ደረጃ 4፦ መስመሩን ለዩ

ድምፁ በአንድ ዕቃ ብቻ የሚመጣ ከሆነ መስመሩን ደረጃ 3 ለይቶላችኋል። ዕቃዎቹ ሁሉ ጠፍተውም ከቀጠለ ግን ብሬከሮቹን አንድ በአንድ አውርዱና የትኛው ሲወርድ ድምፁ እንደሚቆም ጻፉ። ዕቃውን ቀድሞ ማጥፋት የሚያስፈልገው ብሬከር በጭነት ላይ ሲወርድ ውስጡ ብልጭታ ስለሚፈጠርና የታመመ ብሬከር ይህን ላይችል ስለሚችል ነው።

ስትነኩ እጃችሁ ደረቅ ይሁን፤ ከሳጥኑ ወደ ጎን ቁሙ፣ ፊታችሁን አዙሩ፣ አንድ እጅ ብቻ ተጠቀሙ፤ ሌላው እጃችሁ ግድግዳም ብረትም አይንካ። በሁለት እጅ ከነካችሁ ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ወደ ሌላው በደረታችሁ የሚያልፍበት መንገድ ታበጃላችሁ።

ደረጃ 5፦ ሙቀቱን እዩ

የእጃችሁን ጀርባ ከክዳኑ ሦስት ጣት ያህል አርቃችሁ በየብሬከሩ ፊት አሳልፉ። አንዱ ከጎረቤቶቹ ጎልቶ ከጋለ ቁጥሩን ጻፉ። የብረት ሳጥን ከሆነ አትንኩት፤ የመሬት ሽቦው ከተቋረጠ ሳጥኑ ራሱ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል።

ደረጃ 6፦ ዙሪያውን መርምሩ

የእኛ ከተማ ክረምት ለእነዚህ ሳጥኖች ከባድ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከጣራ የሚወርደው ውሃ በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ በሳጥኑ የላይ ቀዳዳ ይገባል። በእጅ ባትሪ ብርሃን ሽቦው የሚገባበትን ቦታ ተመልከቱ። ሽቦው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ከዚያ ወደ ላይ መታጠፍ አለበት፤ ውሃው ከጎባጣው ላይ ወደ ምድር እንዲንጠባጠብ። ቀጥ ብሎ ከላይ የሚገባ ከሆነ ለባለሙያው ንገሩ። በጭቃ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሳጥን ደግሞ ምስማሩ ሲላላ ይዘማል፤ ሲዘም ሽቦው ይወጠርና ማሰሪያውን ይጎትታል። በበጋ አቧራው ይገባል፤ የክረምቱ እርጥበት ሲጨመርበት ኤሌክትሪክ የሚያሾልክ ሽፋን ይሆናል።

ደረጃ 7፦ አጥፍታችሁ ለባለሙያ አስረክቡ

የታመመውን መስመር ብሬከር አውርዱና ላዩ ላይ «አትንኩ» የሚል ወረቀት ለጥፉ። አንድ የቤት ልጅ ሳያውቅ ቢያነሳው ድካማችሁ ሁሉ ይጠፋል። የጻፋችሁትንና የቀዳችሁትን ይዛችሁ የብቃት ማረጋገጫ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥሩ።

ክዳኑን ራሳችሁ የማትከፍቱበት ምክንያት ይህ ነው፦ ዋናው ማጥፊያ ቢወርድም ከቆጣሪ የሚመጣው ሽቦ የታሰረበት ወገን አሁንም ኤሌክትሪክ አለው። «አጥፍቼዋለሁ» ያለ ሰው የሚያዘው በዚህ ወገን ነው።

ደረጃ 8፦ ባለሙያው ሲሠራ እነዚህን ተከታተሉ

ከጎኑ ቆማችሁ ማየት መብታችሁ ነው፤ ጥሩ ባለሙያም አይከፋውም።

ሀ. ሽቦ ከመንካቱ በፊት ቴስተሩን ኤሌክትሪክ ባለበት ቦታ ይሞክር፣ ከዚያ በጠፋው ላይ፣ ከዚያ እንደገና ባለበት። የተበላሸ ቴስተር «የለም» ብሎ ይዋሻልና።

ለ. የጠቆረ ሽቦ ካለ የተቃጠለውን ቆርጦ አዲስ ጫፍ ይላጥ። በተቃጠለ መዳብ ላይ ብሎን ማጥበቅ ለጊዜው ብቻ ዝም ያሰኛል።

ሐ. ቀለሙ የተለወጠ ወይም የቀለጠ ብሬከር ይቀየር። ውስጡ ያለው ሞላ (ስፕሪንግ) በሙቀት ጥንካሬውን ሊያጣ ስለሚችል በማጥበቅ አይድንም።

መ. የአሉሚኒየምና የመዳብ ሽቦ አንድ ላይ ተጠምዝዘው ካገኘ ይፍታቸው። ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ሲያገኛቸው አንዱ ሌላውን ይበላል፤ አሉሚኒየም ደግሞ በብሎን ሲጫን ቀስ በቀስ ይሸሻል። ለሁለቱ ተብሎ የተሠራ ማገናኛ አለ፤ እሱ ይግባ።

ሠ. ብሬከሩና ሽቦው ይመጣጠኑ። በተለመደው አሠራር 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ለመብራት ከ10 አምፔር፣ 2.5 ለሶኬት ከ16 አምፔር ብሬከር ጋር ይሄዳል። ምጣድ የራሱ መስመር ይኑረው፤ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከ20 ወይም 25 አምፔር ብሬከር ጋር።

ረ. ብሎኖቹ ሁሉ፣ የኒውትራልና የመሬት ሽቦውም ጭምር፣ ይፈተሹ። ከልክ በላይ ማጥበቅም ቀጫጭን የሽቦ ክሮችን ይቆርጣል፤ ልኩ በአምራቹ የተጻፈው ነው።

የተቃጠለው ከዋናው ማጥፊያ በላይ ያለው ማሰሪያ ከሆነ ባለሙያችሁም ቢሆን በቀጥታ መንካት የለበትም፤ በ905 ደውላችሁ አገልግሎቱ ያቋርጥ።

ደረጃ 9፦ ከጥገናው በኋላ ፈትኑ

ባለሙያው ሳይሄድ ምጣዱን ግማሽ ሰዓት አብሩና ደረጃ 5ን ድገሙ። ጸጥ ብሎ ቀዝቅዞ ከቆየ ሥራው ተሠርቷል። በሳምንቱ ደግማችሁ አዳምጡ፤ ከዚያም ክረምት ሲገባና ሲወጣ።

ሰዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ሳጥኑን በጡጫ መምታት። «ስመታው ዝም ይላል» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ሲመታ ዝም ማለቱ ማሰሪያው መላላቱን ነው የሚያሳየው፤ ያን ቀን ባለሙያ መጥራት ይገባል።

የሚወርደውን ብሬከር በትልቅ ቁጥር መቀየር። የ16ቱን በ32 ከቀየራችሁ ብሬከሩ አይወርድም፤ ሽቦው ግን ያው ቀጭኑ ሽቦ ነው፤ ስለዚህ ብሬከሩ ከመውረዱ በፊት ግድግዳ ውስጥ የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል። በቆዩ ቤቶች ባለው የሸክላ ፊውዝ ላይ ወፍራም መዳብ መጠምዘዝም ያው ነው።

በብሬከሩ ሥር ካርቶን ወይም ስንጥር እንጨት መሸጎጥ። ድምፁን ያፍናል፤ ማሰሪያው ሲግል መጀመሪያ የሚቀጣጠለው ያ ካርቶን ነው።

ሳጥኑን በመጋረጃ መሸፈን፣ ነጠላ ወይም ጃኬት መስቀል፣ ከሥሩ ጋዝ ወይም የማገዶ እንጨት ማስቀመጥ። ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል ቦታ ባዶ ይሁን፤ ማታ መብራት ሲጠፋ በዳበሳ የምትደርሱበት መንገድም እሱ ነው።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሁሉንም እንደበራ መተው። ሲጠፋ ምጣድ፣ ምድጃና ማቀዝቀዣ አጥፉ። ሲመለስ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ አንድ በአንድ አብሩ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲነሳ በላላ ማሰሪያ ላይ የሚያርፈው ጫና ያኔ ከሁሉ ይበልጣል።

በመጨረሻም ብሬከሮቹ የየትኛው ክፍል እንደሆኑ በማይጠፋ ቀለም ጻፉባቸው፦ «ምጣድ»፣ «ሳሎን»፣ «ፓምፕ»። እናንተ ቤት ባትኖሩ ልጃችሁ ወይም ጎረቤታችሁ የትኛውን ማውረድ እንዳለበት ሳይጠይቅ ያውቀዋል።